ለእናቴ ያረድሁት ዶሮ

በእኛ ቤት ሥጋ አይገባም ነበር። ምክንያቱ ድህነት ብቻ አልነበረም። እናቴ የሰባታሚት ክርስቲያን ነበረች፤ አባቴ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ የመጣ ሙስሊም ነው። በአገራችን ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይቀምስም፤ ሙስሊሙም እንደዚሁ። ሰው ዕቁብ አብሮ ይጥላል፣ በእድር አብሮ ይቀብራል፣ የጎረቤቱን ልጅ ጡት ያጠባል፤ ቢላዋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል። ወላጆቼ ሲጋቡ ከሁለቱም ወገን የመጣ ዘመድ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ሲወጡ የተስማሙት አንዱ ሌላውን ሃይማኖትህን ለውጥ እንዳይል፣ ከቤታቸውም ሥጋ እንዳይገባ ነበር።

ዓሣ ግን አይታረድም። ከውኃ ሲወጣ ይሞታል፤ የማንም ስም አይጠራበትም። ስለዚህ ቀረሶና አምባዛ በላን፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ነጭ ዓሣ። የፋሲካ ዕለት እናቴ ጎረቤት ትጠራና በልታ ትመጣለች። ለኢድ አባቴ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳል። እኔ ሁለቱንም ቀን ቤት እጠብቃለሁ።

የሰፈር ልጆች ነገሩን ቶሎ ደረሱበት። “የማንን ሥጋ ነው የምትበላው?” ይሉኛል። “ዓሣ” እላለሁ። “ዓሣማ ድመትም ይበላል” አለ አንዱ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ስምንተኛ ክፍል “ድመቱ” ተባልሁ። ስሜም አይረዳኝም። ወላጆቼ ያወጡልኝ ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ የማይናገር ስም ነው፤ መርጠው መርጠው ነው ያገኙት። በአርባ ቀኔ ክርስትና አልተነሣሁም፤ መስጊድም አልተወሰድሁም። ሲያድግ ራሱ ይምረጥ ተባለ። የምንኖረው በአንድ ክፍል ነበርና ማለዳ ስነቃ አባቴ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ይሰግዳል፤ እናቴ ፀሐይ ወደሚወጣበት፣ ወደ ዓባይ ድልድይ ዞራ ትጸልያለች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣሪያውን አያለሁ። አደግሁ፤ ትምህርት አቋርጬ የጀልባ ሞተር እየፈታሁ እየገጠምሁ ጥገና ለመድሁ፤ ጢም አወጣሁ። አልመረጥሁም። ማንም አላስታወሰኝም።

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲጋመስ እናቴ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ዓይኖቿ ቢጫ ሆነው ነበር። ሐኪሞቹ ጉበቷ እንደሆነ ነገሩን፤ ቀጥሎም ቤቷ ብትሆን ይሻላል አሉ። የዚህን ትርጉም ሦስታችንም አውቀነዋል። የንስሐ አባቷ ጾሙን ተዪው ቢሏትም አልተወችም፤ ብትተወውም የሚገባላት ምግብ አልነበረም።

በሰሙነ ሕማማት አንድ ከሰዓት በኋላ ጀርባዋን ሳሻት፣ “ለፋሲካ ዶሮ አማረኝ” አለች።

ከሳምንት ወዲህ ምግብ ስታነሣ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ደስ አለኝ። “እንገዛለና።”

“መግዛቱን መች አልሁ። ማን ያርድልኛል?”

“ሰው መች ጠፋ፣ እማ። ከጎረቤት አንዱን እጠራለሁ።”

“በየበዓሉ የሰው ቤት ዶሮ ስበላ ኖርሁ። አሁን በራሴ ቤት፣ የራሴ ወንድ ያረደውን ልብላ። አንተ እረድልኝ።”

ሴት አታርድም። በእኛ አገር በዓል ሲሆን ቤቷ ወንድ የሌላት ሴት ዶሮዋን አቅፋ በር ላይ ትቆምና አላፊውን፣ “ልጄ፣ ባርክልኝ” ትላለች። እናቴ ባልም ልጅም እያላት እንደዚያች ሴት መኖሯን ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው።

“እኔ እኮ ክርስትና አልተነሣሁም” አልኋት።

“ያላስነሣሁህ እኔው። ለእኔ ትነግረኛለህ?” ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅሁ። “ስመ ሥላሴን ጥራና እረድ። ኃጢአትም ከሆነ በእኔ።”

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የዓሣ መረቡን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሰማ፤ ሳይገባ ተመለሰ።

በማግስቱ ባሕሩ ዳር ተከትየው ሄድሁ። የአንዲት ጀልባ ስንጥቅ በሬንጅ ይደፍን ነበር።

“አባ፣ ምን ላድርግ?”

“እናትህ የጠየቀችው እኔን አይደለም።”

“ቅር ይልሃል?”

ሬንጁን በጠፍጣፋው እንጨት አስተካከለ። “የዚያኛውን ጀልባ ሞተር ጨርሰሃል?” አለኝ። “ባለቤቱ ሲጠይቅህ ነበር።”

ከእሱ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ያስጨነቀኝ መግደሉ አልነበረም፤ ቃሉ ነው። ሳላምንበት ብናገረው የምትሞት እናቴን አታለልሁ ማለት ነው። አምኜ ብናገረው ደግሞ በአባቴ ዓይን ፊት መረጥሁ ማለት ነው። አንድ ነገር ስፈታ የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፤ ይኸኛውን ግን የት እንደማስቀምጠው አጣሁ።

ማታውን አባቴ በፌስታል አዲስ ድስትና አዲስ ቢላዋ ይዞ መጣ። አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠው። “ይህን ማንም አልነካውም” አላት። “ያንቺ ብቻ ነው።” እናቴ ቢላዋውን አገላብጣ አየችው፤ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችው። “ዱልዱም ነው፤ አስለው” አለችው። እሱም ሳለው።

ቅዳሜ ሹር ዕለት ገብስማ ዶሮ ገዝቼ መጣሁ። ወጡን ሊሠሩልን የመጡት አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ከምትሠራበት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ከደቡብ መጥተው እዚሁ የቀሩ ጴንጤ ናቸው።

“እርስዎስ ይበላሉ?” አልኋቸው ሽንኩርቱን ሲከትፉ።

“እኔን ጌታ ነፃ አውጥቶኛል፤ የሁሉንም እበላለሁ” አሉ። “አንተ ብቻ ቶሎ በል። ይህቺ ዶሮ ሳትፈራህ አንተ ፈራሃት።”

“ክንፏን ይያዙልኝ።”

“ደሙን ማየት አልችልም። ነፃ ያወጣኝ ከክልከላው እንጂ ከፍርሃቱ አይደለም።”

እናቴ በተከፈተው በር በኩል ታየናለች። ትራስ ደግፈንላት ነበር። “ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙራት” አለች። ዶሮዋን ወደ ምሥራቅ አዞርኋት፤ ክንፏን በእግሬ ልረግጥ ስል አመለጠችኝና ግቢውን ዞረች። የያዛት አባቴ ነው። ይዞ መጣ፤ ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ ክንፏንና እግሮቿን በሁለት እጁ አጥብቆ ወደ መሬት አስጠጋልኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

“በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ” አልሁ። ከልጅነቴ ሁለቱንም እያየሁ ያደግሁ ነኝና ያን ጊዜም የአባቴን ከንፈር አየሁ፤ የራሱን ቢስሚላህ ይል እንደሆነ። አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ከውስጥ “አሜን” አለች። አረድሁ። ዶሮዋ እስክትበርድ እጁን አላነሣም፤ ከዚያ ተነሥቶ ቧንቧው ጋ ሄዶ እስከ ክርኑ ታጠበ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት እናቴ በላች። ብዙ አይደለም፤ ትንሽ መረቅና የእንቁላሉን ግማሽ። ግን ጎርሳ ዋጠች፤ አልመለሳትም። ከዚያ ሥጋውን ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች። በሕይወቴ የመጀመሪያው ሥጋ ነው። አባቴ በዚያው ገበታ ላይ ሽሮውን ይበላል። ጎረስሁ። ጣዕሙን አሁን ብጠየቅ መናገር አልችልም፤ የጣቶቿ ሙቀት ግን ትዝ ይለኛል፤ ትኩሳት ነበራት።

“አየህ?” አለችው አባቴን። “ልጄ አርዶ አበላኝ።”

“አየሁ” አላት። “ጨምሪ።”

ከዚያ በኋላ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ ይህን ነገረች። የፋብሪካ ጓደኞቿ መጡ፤ ነገረቻቸው። ስታገባ ፊቱን ያዞረባት ታላቅ ወንድሟ ሳይቀር ከሰባታሚት መጣ፤ ከሰላምታው በፊት ይህንኑ ነገረችው። “ክርስቲያን ወንድ አለኝ” ነበር ያለችው። ወንድሟ ግንባሬን ሳመኝ። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚሄድ አላወቅሁም፤ ብቻ ፊቷ ሲፈካ ስለማይ አንድ ጊዜም አላቋረጥኋትም።

በፋሲካ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። ወንድሟ አስፈቅዶ ሰባታሚት፣ ከአባቷ ጎን ቀበርናት። አባቴ አስከሬኑን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መጣ፤ እዚያ ጫማውን አወለቀ፤ ግን ሳይገባ ውጭ ከግንቡ ሥር ቆሞ ቀረ። ውስጥ አጎቴ ክንዴን ይዞ ከወንዶቹ ጋር አቆመኝ። ቀብር ተፈጽሞ ስወጣ አባቴ እዚያው ነበር። ጫማውን መልሶ አላደረገም።

አርባዋ ሳይወጣ አረፋ ደረሰ። ያን ዕለት አባቴ ብቻውን እንዳይሆን እህቱ፣ አክስቴ፣ ከደልጊ በጀልባ በግ ይዛ መጣች። አባቴ፣ “በዚህ ቤት አይታረድም” አላት።

“ውሉ ከእሷ ጋር ነበር፣ ወንድም ዓለም። አላህ ይዘንላትና እሷ የለችም። ውል ከማን ጋር ነው?”

የዓሣውን ቢላዋ ይዞ ተነሣ። የበጉን እግር ልይዝለት ተነሥቼ ተጠጋሁ።

“ተቀመጥ፤ አንተ አትልፋ” አለኝ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው። የጎረቤቱን ዘበኛ ጠርቶ አስያዘና አረደ።

አክስቴ አዲሱን ድስት አንሥታ፣ “በዚህ ልሥራ?” ስትል አባቴ ከእጇ ተቀብሎ መልሶ ሰቀለው። ከጎረቤት ተዋሰች። ሲበስል ሦስታችን ገበታ ቀረብን። ደግ ናት አክስቴ፤ በልጅነቴ ደልጊ ስሄድ ሽልጦ በማር ትሰጠኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችው።

“ለእናትህ አርደህ አበላህ አሉኝ። እሰይ፤ ጥሩ አደረግህ። በል እንግዲህ ለአባትህም እንዲሁ ጉረስ።”

አፌን ከፍቼ ነበር።

“ተይው” አለ አባቴ። “እሱ ክርስቲያን ነው።”

የአክስቴ እጅ ባለበት ቆመ። “ማን አለ?”

“ለእናቱ ብሏል።”

“ለበሽተኛ ያለው ነው እኮ። ለበሽተኛ ምን የማይባል አለ?”

“ዛሬ ይህን ቢጎርስ ያኔ አታሏታል ማለት ነው። እንዳመነችው ነው የሞተችው። አላስደርገውም።”

“አንተስ? ልጅህን በሕይወት ቆመህ ልትሰጥ?”

አባቴ እንጀራውን ቆረሰ። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። “አንተም አፍ አለህ፤ ተናገር” አለችኝ።

አላታለልኋትም፤ ይህንም እበላለሁ ማለት ፈልጌ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ግን በዚያ ገበታ ላይ አንዱን ስናገር ሌላው ውሸት ይሆናል፤ አባቴም ከእኔ ቀድሞ አስቦበታል። መቼ እንዳሰበው አላውቅም። ምናልባት ዶሮዋን ይዞልኝ ሳለ።

“ጠግቤያለሁ” አልኋት።

አክስቴ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው፤ እያላመጠች አለቀሰች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ቤት እንደሚበላ ሰው በዝግታ በላ። ሲጨርስ ውኃ አስታጠብሁት።

አሁንም የምንኖረው አብረን ነው። ጀልባ ሊያስጠግን የሚመጣ ሁሉ የየትኛው ወገን እንደሆንሁ ሊያውቅ፣ “ይህስ የእኛው ነው?” ብሎ ይጠይቀዋል። አባቴ፣ “ልጄ ነው፤ ክርስቲያን ነው” ይላል። በሁለቱ መካከል ትንሽ ቆም ይላል። እኔ ሞተሩን እየፈታሁ እሰማለሁ።