የችኩሉ ዋስትና

ሰፈሩ «ችኩሉ» ይለዋል። ሶፋ ሠሪ ነው፤ አንዱ ሚስማር ገና እንጨቱ ውስጥ ሳይገባ ሌላው ከንፈሩ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ለመክሰርም አልዘገየም። አንድ ትልቅ ሆቴል ወንበር አዘዘው፤ ከባንክ ተበድሮ እንጨቱን፣ ስፖንጁን፣ ጨርቁን ገዛና እንቅልፍ አጥቶ ሠራ። ወንበሮቹ እንደገቡ ሆቴሉ ሒሳቡን ሳይከፍል በሩን ዘጋ። ፍርድ ቤት መክሰሩን አወጀ፣ የስፌት መኪናዎቹ በሐራጅ ተሸጡ፣ ሽያጩ ያልሸፈነው ዕዳም ተሰረዘለት።

ዕዳው ተሰረዘ እንጂ ስሙ አልጠራም። የትኛውም ባንክ ቢገባ፣ ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ የሠራተኞቹ ፊት ይቀዘቅዛል። በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ። የቤት ኪራይ ውሉ እንኳ በሚስቱ ስም ሆነ። ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ያልቻለው የልጁን ነገር ነው።

ልጁ ፀጉር ሠሪ ናት። የራሷን ቤት ልትከፍት ብድር ብትጠይቅ ባንኩ ዋስ አምጪ አላት። የእናቷ ወንድም «እኔ አለሁ!» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን ግን ሳያወራ ውሎ አያድርም። ልጅቷ «የሚፈርምልኝ አባዬ ነው፤ ስሙ እስኪጠራ እጠብቃለሁ» ብላ ድርቅ አለች። ችኩሉ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ።

የባንኩ የብድር ሠራተኛ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ መንገዱን አሳየችው። ከደሞዙ የቆጠባትን ገንዘብ መያዣ አድርጎ ትንሽ ብድር ይወስዳል፤ በየወሩ ሳያዛንፍ ይከፍላል፤ ስሙም ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ተበደረ። ግን ዕዳ የሚባል ነገር አንዴ አቃጥሎታልና ወሩ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተው። የጎረቤቱን ሶፋ ሁሉ እየጠገነ ገንዘብ አጠራቀመ፤ ከዚያም ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ባንክ ገባና ብድሩን ባንድ ጊዜ ዘጋው።

«ምን አደረጉ ጋሼ?» አለች ሠራተኛዋ።

«ከፈልኩ! ሁሉንም!»

«እኔ እኮ በየወሩ ሲከፍሉ እንዲታዩ ነው የፈለግኩት። አሁን ምን ይታያል? እንደገና መጀመር ነው።»

ዘግይቶ መክፈል እንደሚያዋርድ ያውቃል፤ ቀድሞ መክፈል ጉድ ይሠራኛል ብሎ ግን በሕልሙም አስቦ አያውቅም። ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ልጁን «አጎትሽ ይፈርም፤ እኔን አትጠብቂ» አላት።

«እሺ፣ ይፈርም» አለች። «ከዚያ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ‹ያቋቋምኳት እኔ ነኝ› ሲል አጠገቡ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ሂድና ተበደር። ደግሞ በናትህ አትክፈል... ማለቴ፣ ቀስ ብለህ ክፈል!»

እናትየው ከወዲያኛው ክፍል በሳቅ ፈነዳች። ሆድ ብሶት የነበረው ችኩሉም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

በሁለተኛው ብድር ሚስቱ ገንዘቡን ነጥቃ ቆለፈችበት፤ ወሩ ሲደርስ ብቻ ቆጥራ ትሰጠዋለች። ባሏ ዕዳውን እንዳይከፍል የምትከለክል ሚስት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እሱ እየተነጫነጨ ከፈለ። ልጅቷም በሰው ቤት ፀጉር እየሠራች ጠበቀች። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ።

በመጨረሻ አባትና ልጅ ሠራተኛዋ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስሙን ጽፋ ኮምፒውተሩን ስታይ ችኩሉ ፊቷን ፊቷን ያይ ነበር። «ጥሩ ነው» አለችና ቅጹን ወደ ራሷ ስባ እንደ ደንቡ ጠየቀች።

«ልጅዎ ባትከፍል ማን ይከፍላል?»

«እኔ እከፍላለሁ።»

ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ከከሰረ ወዲህ «እከፍላለሁ» ሲል ያመነው ሰው አልነበረም። ብዕሩን ተቀበለ፤ እንባው ግን ቀደመው። ልጁ ትከሻውን እስክትይዘው ድረስ መፈረም አልቻለም።