ስሜን ፈልገው ያጡበት ጠዋት

አያቴ ማንንም ያለ ስሙ አይመርቁም ነበር። የካ ያለው ቤታችን በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ የሚወጣውን ሁሉ ግንባሩን በመዳፋቸው ይዘው፣ በስሙ ጠርተው ይመርቁታል። «ስም ያልተጠራበት ምርቃት መንገድ ይስታል» ይሉ ነበር።

አምና ስማችን ይጠፋቸው ጀመር። ቤተሰቡ ሁሉ «እርጅና ነው» አለ። እኔ ግን ጉርድ ሾላ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የሚወስዱትን መድኃኒት አንድ በአንድ አየች፤ ስም የሚያስረሳቸው እሱ ነው ብላ የእንቅልፍ ኪኒኑን ቀስ በቀስ አስቆመች፤ ለጎደላቸው ቫይታሚንም መርፌ አዘዘች። ከሁለት ወር በኋላ የጎረቤቱን ሕፃን ሳይቀር በስሙ መረቁት። እንደ ድሮውም ገና ሳይነጋ ከዘራቸውን ይዘው የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆዩ ግን መልሰው ደከሙ። ያኔ እኔም «እርጅና ነው» አልኩ። አንድ ጠዋት ግንባሬን ይዘው ስሜን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። ሳይመርቁኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ። በሳምንቱ ዐረፉ።

በአርባቸው ማግስት ሻማ ስፈልግ፣ አብራቸው ትኖር በነበረችው አክስቴ መሳቢያ ውስጥ የዚያን የእንቅልፍ ኪኒን ባዶ ማሸጊያዎች አገኘሁ።

«ዳገቱ ላይ እንዳይወድቁብኝ ፈርቼ ነው» አለችኝ። «እንዲያርፉ ብዬ ሻያቸው ውስጥ ጨመርኩት።»

መቼ ዐረፉ? ስማችንን ሲፈልጉ ነው የሞቱት።

በርጩማው አሁንም በሩ ላይ ነው፤ ስወጣ ከልማድ ጎንበስ እላለሁ። አክስቴ ከኋላዬ በስሜ ጠርታ «በሰላም ግቢ» ትለኛለች። ዞሬ አላያትም።