ሰፊ ቅጠል ማለት

«ጤፍ ሣር ነው» ባልኩ ጊዜ ስምንቱም ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ ሳቁ።

ተማሪዎቼ ማለት ያሳፍረኛል። እነሱ ከመርሳና ከወልድያ የመጡ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ፣ ተደራጅተው መሬት ሊያለሙ የተነሡ ወጣቶች ናቸው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ የግራና ቀበሌ ገበሬ ልጅ ነኝ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ አረም ስነቅል አየኝና «እነዚህ ልጆች ጤፉን ነቅለው አረሙን ይተዉታል፤ አንቺ አሳያቸው» ብሎ ሳልፈልግ አስተማሪ አደረገኝ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም። መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር የማስተምረው።

አባቴ የማሳው ድንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

«ሱብሃነላህ!» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሣር ነው ስንበላ የኖርነው? ለበሬዎቹ እንዳትነግሪያቸው፤ ድርሻችንን አምጡ ይላሉ።»

እኔም ባለሙያው መጀመሪያ ሲነግረኝ ደንግጫለሁ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴ ሁሉም የሣር ዘመድ ናቸው አለኝ። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ማሾ ደግሞ ጥራጥሬ። ከተማ ውስጥ ግን ጤፍ የሚሸጥበት ሱቅም «ጥራጥሬ መሸጫ» ተብሎ ይጻፍበታል። ልጆቹ ያደጉት ያንን እያነበቡ ስለሆነ በስም ባስተምራቸው እንደማይገባቸው ገመትኩ። በእጃቸው ይወቁት ብዬ ተነሣሁ።

አባቴ ከዘር የተረፈች አንድ እፍኝ ሽምብራ ሰጥተውኝ በሻሼ ጫፍ ቋጥሬያት ነበር። ፈትቼ አከፋፈልኳቸውና በድንጋይ መታ መታ እንዲያደርጓት ነገርኳቸው። ፍሬዋ ለሁለት ተከፈለች።

«ክክ የሚሆን ጥራጥሬ ነው» አልኳቸው። «የጤፍ ክክ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሽምብራውን ክኩንም ሙሉውንም ለቅሜ መልሼ ሻሼ ጫፍ ቋጠርኩና ቅጠል አስቀደድኳቸው። የማሽላ ቅጠል ሲቀደድ እንደ አቡጄዲ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የማሾ ቅጠል እንደ ወረቀት ጠማማ ይቀደዳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ አረም ላይ ውዬ ያወቅኩት ነው።

ከሁሉ የምትተጋው አንዲት የመርሳ ልጅ ነበረች። ረጅም፣ ተጫዋች፣ የተባለውን ሁሉ የምትጽፍ። «ቲቸር፣ ትንሽ ድምፅ ጨምሪልን እንጂ! ለሽምብራው ብቻ ነው እንዴ የምታስተምሪው?» ትለኛለች፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔ ፊቴን በሻሼ እሸፍናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያው የአረም መድኃኒት ጠርሙስ ሰጠኝና «ጽሑፉን አንብቢላቸው» አለኝ። አነበብኩ። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይገድላል፣ ሣር አይነካም ይላል። ልጆቹ ጻፉ። ከመርሳዋ ልጅ ኋላ ቆሜ ስለነበር ደብተሯን አየሁት። «ሰፊ ቅጠል» ከሚለው ሥር ማሽላ ሥላለች። «ጠባብ ቅጠል» ከሚለው ሥር ጤፍ ሥላ አጠገቡ አንዲት ትንሽ የሽምብራ ቅርንጫፍ አስቀምጣለች።

ተሳስታለች። በዓይን ካየነው እውነቷን ነው። የማሽላ ቅጠል ከክንዴ ይረዝማል፤ የሽምብራ ቅጠል የትንሿን ጣቴን ጥፍር አያክልም። ግብርናዎቹ ግን ሰፊ ቅጠል የሚሉት ሣር ያልሆነውን ሁሉ ነው፤ ቅጠሉ ቢያንስም ቢሰፋም። ጠርሙሱ ጥራጥሬን ይገድላል ቢል ኖሮ ትጠነቀቅ ነበር፤ ሽምብራ ክክ እንደሚሆን በእጇ ሰብራ አይታለችና።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስምንቱም ዞረው ቢያዩኝስ? እሷ «ቲቸር ተሳስታለች» ብላ ብትስቅብኝስ? ነገ ለብቻዋ እነግራታለሁ አልኩና አፌን መልሼ ዘጋሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የአባቴን ጤፍ ረጩ። ባለሙያው ስልክ ተደውሎለት ወደ መርሳ ሄደ፤ እኔ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ከጤፉ ቀጥሎ የሽምብራ ማሳችን ነው። ይህ ሽምብራ ገበያ ላይ የሚገኘው ዓይነት አይደለም። ፍሬው ትንሽ፣ ቀላ ያለ፣ በትንሽ ርጥበት የሚበቅል፣ አባቴ ከአባታቸው የወረሱት ዘር ነው። አምና ዝናቡ አጥሮ ጥቂት ብቻ ሰጠን፤ ዘንድሮ ያለችንን ሁሉ ዘራናት። ከመሬት ውጭ የቀረችው እኔ ለትምህርቱ የወሰድኳት እፍኝ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከማሳው ሆነው ጠሩኝ። ድምፃቸው የእሳቸው አልመስል አለኝ። ሮጥኩ።

ሽምብራው ሁሉ ተጠማዝዟል። እሳት እንደነካው ፀጉር ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተኝቷል። አንድም የቆመ የለም። ድንበሩ ላይ ያለው የማሽላ መስመር ግን ምንም ሳይሆን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ዓይን ነው» አሉ አባቴ። «ወላሂ የሰው ዓይን ነው።»

ለእኔ ግን ደብተሩ ታየኝ። ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ።

ወዲያው የልጆቹ ባጃጆች መጡ። የመርሳዋ ልጅ ከሁሉ ቀድማ ወረደችና እየሳቀች ወደ አባቴ መጣች።

«አባባ፣ አዩልኝ? ሳልነግርዎት ነው ያደረግኩት! መድኃኒቱ ተርፎ ነበር፤ ሽምብራዎ አረም በዝቶበት አየሁና አሳዘኑኝ። ማሽላውን እንዳይነካው ግን ተጠንቅቄያለሁ። ጫፍ ጫፉን በፌስታል ሁሉ ሸፍኜዋለሁ።»

ስጦታ ነበር። 

አባቴ ባሉበት ቁጭ አሉ።  ልጅቷ ፊታቸውን አየች፤ የእኔን አየች፤ ከዚያ ወደ ማሳው ዞረች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ምን... ምን ሆኖ ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«ደብተርሽ ላይ ከሰፊ ቅጠል ሥር ማሽላ ስትሥዪ አይቻለሁ። ስህተት እንደሆነ አውቄ ነበር።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያ የፈራሁት ነገር ነው፤ አሁን ግን ማንም አልሳቀም።

«አይተሽ ዝም አልሽ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እኔ እኮ ሁሉንም ያንቺን ቃል ነው የጻፍኩት። አይተሽ ዝም?»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አሉን፤ ለሁለታችንም። «ጤፉ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ዘሬን ግን ከየት አመጣዋለሁ?»

ያን ጊዜ ነው የሻሼ ጫፍ ትዝ ያለኝ። ፈታሁት። ብዙዎቹ በእኔ ትእዛዝ ክክ ሆነዋል። ግማሽ ግማሹን ለይቼ፣ ሙሉውን ለቀምኩ። አሥራ አንድ ፍሬ። አባቴ መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆጠሯቸው፤ ደግመው ቆጠሯቸው፤ ይጨምሩልኛል ያሉ ይመስል።

መድኃኒት ካልነካው መሬት አፈር አመጣንና በር አጠገብ ባለው ቀዳዳ ባልዲ ውስጥ ዘራናቸው። የመርሳዋ ልጅ በየጠዋቱ እየመጣች ውሃ ታጠጣ ነበር። አታናግረኝም። ሰላምታዋን ለአባቴ ትሰጣለች፣ ባልዲው ላይ ታጎነብሳለች፣ ትሄዳለች።

በሰባተኛው ቀን አንዷ ብቅ አለች። ልጅቷ ተንበረከከችና ብዙ አየቻት። ከዚያ ያን ሁሉ ቀን ያልሰጠችኝን ቃል ሰጠችኝ።

«ይሄ ነው ሰፊ ቅጠል የሚባለው?»

«አዎ።»

«ይቺ? ይቺ ጥፍር የማታክለዋ?»

«አዎ። ስሙን እርሺው፤ ሣር ካልሆነ ሰፊ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፣ እኔው እንዳስተማርኳት፣ ጠማማ መቀደዱን ልታረጋግጥ ሁለት ጣቶቿን ሰደደችና ቅጠሏን ያዘቻት።

«አትቅደጂው!»

ልጅቷ ወደ ኋላ ወደቀች። ጎረቤት ያለው ውሻ ጮኸ። አባቴ ከቤት እየሮጡ ወጡ፤ ባልዲውን አዩ፣ ቅጠሏን አዩ፣ ከዚያ እኔ ላይ አፈጠጡ።

«ይህ ድምፅ» አሉ ደንግጠው፣ «ያንቺ ነው?»