የሦስት ሰዓቱ ኪኒን

የተያዝኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ አዳራሽ ውስጥ። ሌላውን ቀን ስልክ እጠግናለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች በነጻ ሳይንስ አስተምር ነበር። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል ዘርግተን ሳለን ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ሽቦዎቹን በእስክሪብቶ ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው።

"ይሄ ምን ሊሆን ነው?"

"የበር ደወል" አልኩት።

ሳቀ። ልጆቹን ወደ ቤታቸው ሰደዳቸው፤ እኔን ወደ መኪናው።

የታሰርኩባት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ለአራት ሰው ብትሆን ነው፤ እኛ አስራ አንድ ሴቶች ነበርን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። በስተምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ፣ ብረት የተገጠመለት አንድ መስኮት አለ። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ አንዲት ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ፍራሻቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

"ምን አድርገሽ ነው ልጄ?"

"ሳይንስ ሳስተምር።"

"ሳይንስም ያሳስራል?" አለች ከጥግ አንዷ። "እሰይ፣ እንኳንም ከስድስተኛ አቋረጥኩ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

እማማ እላቸው ነበር፣ ቦታ የሰጡኝን ሴት። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ዕቃ ያጥባሉ። የተፈለገው ልጃቸው ነው፤ ፖሊሶቹ እሱን ሲያጡ እሳቸውን ይዘው መጡ። የሚጥል በሽታ አለባቸው። ኪኒናቸውን ጠዋት ሦስት ሰዓትና ማታ ሦስት ሰዓት መዋጥ አለባቸው፤ ኪኒኑ ግን የሚቀመጠው በተረኛዋ ፖሊስ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስንጠይቃት "ገና ነው" ትለናለች። ሰዓትም ስልክም ስለተወሰደብን ገና ይሁን አይሁን የምናውቅበት መንገድ የለም።

በገባሁ በአራተኛው ቀን "ገና ነው" ስትል አረፈደች። እማማ ፀጉራቸውን እየሠሩ ሳለ ጣላቸው። ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ ደግፌ በጎናቸው አስተኛኋቸው። ሲነቁ መጀመሪያ ያደረጉት ቀሚሳቸውን ወደ ታች መሳብ ነበር።

"ሰው አየኝ?" አሉኝ።

"እኛ ብቻ ነን" አልኳቸው።

በማግስቱ በተረኛዋ ክፍል ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲል፣ የመስኮቱ ብረት ጥላ ከፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ያረፈበትን ቦታ በቁራጭ ሳሙና አሰመርኩ። ሦስትም ሲል፣ አራትም ሲል እንዲሁ። ከዚያ መሀሉን በሩብ በሩብ ከፈልኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለማይገባ አይሠራም። ለጠዋቱ ግን በቃን።

"ፀሐይዋ እየወጣች ጥላው ለምን ይወርዳል?" አለች ያቺ ከስድስተኛ ያቋረጠችው።

እኔ ቃል ስፈልግ እማማ ቀደሙኝ። "እንደ ጉድጓድ ባልዲ ነዋ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል።" ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥላው ሦስት ላይ ሲደርስ በሩን እንመታለን። "ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ኪኒን!" ለጥቂት ቀናት ሠራ። አንድ ጠዋት ግን ተረኛዋ በኪኒኑ ፈንታ የጣቢያውን ኃላፊ ይዛ መጣች።

"ስልኩን አውጡ" አለ። "ያለ ስልክ ሰዓት ከየት ታውቃላችሁ?"

ፍራሾቹ ተገለበጡ፤ ፌስታሎቹ ተራገፉ። ምንም አልተገኘም። ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው? የምን ምልክት ነው?"

ተነሳሁ። "ሰዓት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።" ማስረዳት ስጀምር እማማ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይ፣ እኔ ላሳየው።"

እኚህ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ወደ ግድግዳው ሄደው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አደረጉ። "ይቺ ሦስት ናት ልጄ። ይቺ አራት። ጥላው ከሦስት አንድ መስመር ወርዷል፤ ሦስት ከሩብ ነው ማለት ነው። እስቲ ያንተን እየው።"

ኃላፊው የእጁን ሰዓት አየ። እጅጌውን ጎትቶ ሸፈነው። "አጥፉት" አለ።

አንዷ እርጥብ ጨርቅ አነሳች። እማማ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ "ይጠፋል። መጀመሪያ ግን ኪኒኔ ይምጣ፤ ሰዓቱ አልፏል" አሉ።

ጨርቁን የያዘችው ባለችበት ቆመች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"አምጪላቸው" አላት ኃላፊው ተረኛዋን።

እማማ ኪኒናቸውን ዋጡ፤ ውሃውን ሳይቸኩሉ ጨረሱ። ከዚያ ጨርቁን ተቀብለው ግድግዳውን ራሳቸው ወለወሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ኪኒኑ በሰዓቱ ይመጣ ነበር።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ከተያዝኩ ጀምሮ የሚፈልገው የተማሪዎቼን ስም ዝርዝር ነበር፤ ከሰጠሁት ወዲያው እንደምፈታ ነግሮኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ሦስት ስም ብሰጥስ ብዬ አስቤ ነበር። ያን ቀን ግን ገና ሳልቀመጥ፣ "ስም አልሰጥም። ሌላ ጥያቄ ካለዎት ልመልስ" አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። እማማ ከእኔ ቀድመው ወጥተው ነበር። ሰፈራቸው ድረስ ሄጄ ፈለግኳቸው፤ ቤቱ ከነሰፈሩ ለልማት ፈርሷል፣ ጎረቤቶቻቸውም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። የት እንደገቡ እስካሁን አላውቅም።

አሁን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ ሰው ባዋሰን ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልጇን አድርሳ ልትመለስ የነበረች እናት በሩ ላይ ዘግየት አለች። ከዚያ እንደማፈር ብላ፣ "እኔ እንኳ አልተማርኩም፤ ግን ማቀዝቀዣ ውስጡ እየቀዘቀዘ ጀርባው ለምን ይሞቃል?" አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት።