መድረክ ላይ የተውኩት ኪኒን

ሳሉ የጀመረኝ ሙዱላ ለአገልግሎት ሄጄ ስመለስ ነው። ብርድ ነው ብዬ ናቅኩት። ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ፣ ሱሪዬም ከወገቤ ይወርድ ጀመር። ሆሳዕና ከተማ ሄጄ አክታዬን ለምርመራ ሰጠሁ፤ ቲቢ ሆነ።

«መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ» አለኝ ሐኪሙ።

በሁለተኛው ወር ሳሉ ጠፋ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የደቀ መዝሙርነት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። እኛ ዘንድ ከሕመም የዳነ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ይመሰክራል፤ እኔም ወጣሁ። «ጌታ ፈውሶኛል» ብዬ ብወርድ ምን ነበረበት? እልልታው ሲደምቅ ሞቅ አለኝና «ከዛሬ ጀምሮ ኪኒን አልነካም» አልኩ። ማን በል አለኝ? ማንም! በማግስቱ እንደ ወትሮው ኪኒኑን ለመዋጥ ጤና ጣቢያ ልሄድ ብዬ አፈርኩ። ምእመኑ ቢያየኝ ምን ይላል? ቀረሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ደም ተፋሁ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ሚስቴ አለቀሰች። ሐኪሙ ተቆጣ።

«ቲቢው መድኃኒቱን ለምዶ አልበገር ቢል ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

ደግነቱ አልለመደም። ሕክምናው ከመጀመሪያው ቀን እንደገና ተጀመረ።

እዚያው ተኝቼ ሳለሁ ተማሪዬ እህት አማረች ስትሮክ መትቷት በሴቶች ክፍል እንደተኛች ሰማሁ። መራመድ ስችል ማስክ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ። ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም።

«መምህር» አለችኝ፣ ቃላቱ እየተጎተቱባት፣ «እርስዎ ሲተዉ እኔም የደም ግፊቴን ኪኒን ተውኩ።»

ስንት ዓመት ሙሉ ክርስቶስን መከተል የየዕለት ነገር ነው እያልኩ ሳስተምር፣ ከኋላዬ እኔን እያየ የሚራመድ ሰው እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ተናደድኩ፣ በራሴ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄድኩ፣ በመድኃኒቱ ሽንቴ ብርቱካናማ ሲሆን ሳልደነግጥ፣ ማቅለሽለሹንም እንደምንም ችዬ ስድስቱን ወር ጨረስኩ። መድረክ ላይ ወጥቼም «ኪኒን አልነካም ያልኩት ስሕተት ነበር» አልኩ። እልልታ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ጉባኤውን አሳዘንክ» አሉኝ። ይዘኑ።

ያልሰለቹኝን ነርሶችና ሚስቴን አመሰግናለሁ። እህት አማረች ዛሬ በከዘራ እየሄደች ትማራለች፤ የምናገረውን ግን እንደ ድሮው ዝም ብላ አትቀበልም፤ ደግ አደረገች። እናንተ ለማገልገል የተጠራችሁና የታመማችሁ ወገኖቼ፣ ጸልዩ፤ ኪኒናችሁን ግን ሰው ፊት ዋጡ።