የተፋቀው ሽጉጥ

ካዛንቺስ ውስጥ ቢራ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ወልደሰንበትን ያውቀዋል። ወደ ኡራኤል በሚያወጣው ቅያስ ላይ ጠባብ ግሮሰሪ ነበረችው። ሌላው ደንበኛ «ጋሽ ወልዴ» ይለዋል። እኔ ግን በዕድሜ ቢበልጠኝም ጋሼ ብዬው አላውቅም። ጋሼ የሚባል ሰው ቢያንስ የአባቱን አጥንት አይሸቅጥም።

ወልደሰንበት የሚሸቅጠው እሱን ነበር። ቤቱ ሞቅ ሲል ከባንኮኒው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ያወጣል፤ ቀስ ብሎ ይፈታዋል። አሮጌ ሽጉጥ ነው። ጥቁር ቀለሙ ለቆ ብረቱ አመድ መስሏል፤ እጀታው ተሰንጥቆ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ታስሯል።

«አባቴ ፊታውራሪ፣ ማይጨው ላይ፣ የጣሊያኑን ኮሎኔል በጦር ወግተው የማረኩት!» ይላል፤ ዓይኑም እንባ ያቀርራል።

እኔ ወደዚያ ቤት መሄድ ስጀምር ኮሎኔሉ ገና መቶ አለቃ ነበር። ሹመቱ በዓይናችን እያየን ነው ያደገው። ደንበኛውም የሚያጨበጭበው ስላመነ አይደለም፤ ያጨበጨበ ሰው አንድ ብርጭቆ ስለሚጨመርለት ነው። ከሻጩና ከአጨብጫቢው ማንኛቸው እንደሚብስ ዛሬም መለየት ያቅተኛል።

ዘጠና አራት ዓ.ም. ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት ስለ ሽጉጡ ሰማ። አሮጌ ጎራዴና ጋሻ እየሰበሰበ አዳራሹ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ልግዛው፣ የመሣሪያ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ፣ ግን መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየውና ምንነቱንና ዋጋውን ይንገረን አለ። ወልደሰንበት ደስታው ወሰን አጣ። የላንቻውን ሻለቃ ብርሃነን አስጠራቸው። ሻለቃ በቀድሞው ጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያረጁ፣ ፊታቸው ፈገግታ የማያውቅ ሰው ናቸው።

ሻለቃ የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ወልደሰንበት ሆን ብሎ ሰው ጠርቷል። እህቱ ጦቢያ እንኳ ከቡልጋሪያ ሰፈር መጥታ ጥግ ላይ ለስላሳ ይዛ ተቀምጣለች።

ሻለቃ መጀመሪያ ካዝናውን መዝዘው ባዶ መሆኑን አዩ። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርገው በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«ውስጡን ዝገት በልቶታል። ካዝናውም የራሱ አይደለም፤ የሌላ ሽጉጥ ነው» አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው በጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ቤሬታ ነው። ጥይቱ ዘጠኝ ኮርቶ፣ አጭሩ ዘጠኝ የሚባለው። የጣሊያን ንጉሣዊ ጦር ማኅተም አለበት። መኮንን የሚታጠቀው ነው።»

«አላልኳችሁም!» አለ ወልደሰንበት ወደ ሕዝቡ ዞሮ። ጭብጨባ ሆነ።

«አባትህ መቼ ማረኩት አልከኝ?»

«በሃያ ስምንት፣ ማይጨው ላይ ነዋ ሻለቃ።»

ሻለቃ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ ሽጉጥ በሃያ ስምንት አልተወለደም። የተሠራበት ዓመት እዚሁ ተጽፏል፤ በፈረንጅ አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ። አጠገቡ ደግሞ የፋሺስቱ ዘመን አሥራ ስምንተኛ ዓመት ይላል። በእኛ ሠላሳ ሁለት ነው። ማይጨው ካለቀ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ የተሠራ።»

ወልደሰንበት ላብ አጠመቀው። «ማለቴ… ፈረንጅ ቁጥር ይሳሳታል እኮ» አለ።

«ፋብሪካ አይሳሳትም። ጠላ ቤት ነው የሚሳሳተው» አሉ ሻለቃ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው፣ «ስማኝ፤ ለመተኮስ ዋጋ የለውም። ለሚሰበስብ ሰው ግን አለው። ዋጋው ያለው በዚህ ጽሑፍና ቁጥር ላይ ነው። አትወልውለው፣ አትነካካው። እንዳረጀ ይቀመጥ» አሉት።

ያኔ ጦቢያ ከጥግ ተነሣች።

«አባዬ አስተርጓሚ ነበሩ» አለች። «የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ። ጣሊያኖቹ ሲሸሹ አለቃቸው ሽጉጡን ትቶላቸው ሄደ። ይኼን እሳቸው አልደበቁም፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገሩ ነበር። አንድ ጥይት ተኩሰው አያውቁም። ከሞቱ በኋላ ሰው ያስገደልካቸው አንተ ነህ።»

ለስላሳዋን ሳትጨርስ ወጣች። ደንበኛው ሁሉ የሚያየው ቦታ አጥቶ ብርጭቆውን ያያል።

እዚህ ላይ ቢበቃው ምናልባት አዝንለት ነበር። የአስተርጓሚ ልጅ መሆን ምን ነውር አለው? አስተርጓሚም ልጅ ያሳድጋል። እውነቱን ከነሽጉጡ ለሆቴሉ ሰው ቢያቀርብለት፣ ሰውየው እንደ ሰማሁት ያንኑ ታሪክ ጽፎ ሊያስቀምጠው ፈቃደኛ ነበር።

ወልደሰንበት ግን በሳምንቱ ሽጉጡን ይዞ ቡልጋሪያ አካባቢ አንድ ጋራዥ ሄደ። ጠልሐ የሚባል ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ አለ፤ እሱ ራሱ ነው ያወራልኝ። ዓመተ ምሕረቱን እንዲፍቅለት ለመነው። ጠልሐ፣ «መሣሪያ አልነካም፣ ጣጣ አለው» ብሎ መለሰው። ወልደሰንበትም ሞረድ ገዝቶ ቤቱ ገባና በገዛ እጁ ፋቀው። እጁ ደግሞ ሞረድ ይዞ አያውቅም። ዓመቱን ሲፍቅ ማኅተሙን ፋቀ፤ ማኅተሙን አስተካክላለሁ ሲል ቁጥሩን ጭምር ጠራረገው። ሲጨርስ የሽጉጡ ጎን አይጥ የበላው አይብ መሰለ።

የሆቴሉ ባለቤት መጥቶ አየው፤ አገላብጦ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «አሁን ብረት ነው» ብሎ ወጣ።

የባሰው የሽጉጡን ፈቃድ ሊያሳድስ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ዕለት መጣ። መዝጋቢው ሽጉጡን ተቀብሎ ቁጥሩን ፈለገ።

«አባት፣ ቁጥሩ የታለ?»

«በአያያዝ አልቆ ነው ልጄ።»

«አያያዝ የሞረድ መስመር ያወጣል እንዴ?»

ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ የሌባ ወይም የነፍሰ ገዳይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ወልደሰንበትን እዚያው አስቀሩት። ያስፈታችው ጦቢያ ናት፤ ቀርባ የአባቷን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ለመርማሪው አስረዳች። የታሰረውም የተፈታውም በዚያው በፋቀው እውነት ነው ማለት ነው። ሽጉጡ ግን ተወርሶ ቀረ።

ከእስር ሲወጣ አፍሮ ቤቱን ይዘጋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ለካ ሰውየውን አላወቅኩትም ነበር። ቅዳሜውን ሄድኩ፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለአንድ አዲስ እንግዳ ያወራል።

«መንግሥት ራሱ መጥቶ ለሙዚየም ወሰደው» ይላል። «ኮሎኔል እንዳይመስልህ፤ ጄኔራል ነበር!»

እንግዳው አጨበጨበ። አንድ ብርጭቆም ተጨመረለት። እኔ የያዝኩትን ቢራ ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ የምጠጣው ላንቻ ሰፈር ሄጄ ነው።