እናትየዋ ያላለቀሰችበት ፊልም

ሩት፣ የልጅ ልጄ፣ ከስክሪኑ ፊት ማይክ ይዛ ቆማለች። እናቷ አልማዝ፣ ልጄ፣ በፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ስልኳን ወደ ሩት አዙራ ትቀርጻታለች። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ የሹራብ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ፣ በሩን በትከሻው ደግፎ ቆሟል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ነኝ፣ በሩ አጠገብ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ። ወንበሩ ሲቀመጡበት ስለሚሰምጥ ፊልሙ እንዳለቀ ተነሥቼ መደገፊያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

ይህ የሆነው ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኦሃዮ፣ ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሃይ ስትሪት ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ነው። ውጭ የመጋቢት በረዶ ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ይወርድ ነበር።

የሩት ሥራ ፊልም አይቶ አስተያየት መስጠት ነው። “እሱም ሥራ ሆኖ ነው?” ብለው ቤተ ክርስቲያን የሚጠይቁኝ አሉ። ሥራ ነው። ትጽፋለች፣ በፖድካስት ትናገራለች፣ አንዳንዴ እንዲህ ሰው ፊት ቆማ ታወያያለች። ትልልቆቹን የሆሊዉድ ፊልሞች አትነካም። እሷ የምትከታተለው ከየአገሩ የሚመጡትንና ጥቂት ሰዎች በትንሽ ገንዘብ የሚሠሯቸውን ነው። ፎረስት ፓርክ ቤታችን ስትመጣ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች፤ እኔም ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ቀስ እያልኩ እያነበብኩ አብሬያት አያለሁ። አስተያየቷ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የዛሬ ፊልም ሠሪዎች የሰው ፊት አያምኑም ትላለች፤ ሰውየው ማዘኑ ከፊቱ እየታየ ፒያኖ ይጨምሩበታል። እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የተሠራ፣ የአንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ታሪክ ያለበት ፊልም አይተን፣ “ግማሹ ቢቆረጥለት ይተነፍስ ነበር” አለች። ሽልማት የበዛለትን አንድ የውጭ ፊልም ደግሞ ድህነትን እንደ ፖስትካርድ ነው ያነሣው ብላ ጻፈች። ብዙ ሰው ተቆጣት። የጻፈችውን አልሰረዘችም። አልማዝ ፈራች።

የዚያ ቀን ፊልም ከአንድ ቀዝቃዛ አገር የመጣ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዓሣ አጥማጅ ልጇን ባሕር የበላባት እናት ናት። መርዶው ከመጣ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አታለቅስም። ድንች ትልጣለች። አንሶላ ታጥባለች። የልጁን ቦት ጫማ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ሙዚቃ የለም፤ የሚሰማው የድንቹ መላጫና ነፋሱ ብቻ ነው።

ሩት በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፦ “ይህቺ እናት አንድ ጊዜ እንኳ አታለቅስም። ዳይሬክተሩ እንባ አልሸጠልንም። በዚህ ዓመት ካየኋቸው ሁሉ ሐቀኛው ፊልም ይህ ነው።” ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጥቂት ሰዎች ሐሳብ ሰጡ፤ ሁሉም ከእሷ ጋር ተስማሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለከተችና በአማርኛ፣ “እማማ፣ አንቺስ? ምን አሰብሽ? እኔ ትራንስሌት አደርግልሻለሁ” አለችኝ።

አንገቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ስለ ፊልም የራሴን አስተያየት ስጪ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ የራሴን የምልበት ተራ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አልደረሰም።

አሰላ ነው። አብዮቱ ገና ትኩስ ነበር፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በጆንያ ይሸፈኑና ግድግዳው ላይ በተሰቀለ አቡጀዲ ፊልም ይታያል። ፊልሞቹ “ወዳጅ” ከሚባሉ አገሮች የሚመጡ ናቸው፤ ትራክተር፣ ስንዴ፣ ባቡር፣ ወታደር። ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ አንድ ካድሬ ከፊት ቆሞ የመሰለውን በአማርኛ ይነግረናል። ሲያልቅ ማንም አይወጣም፤ ውይይት አለ። ከፊት ረድፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ተነሥተን አስተያየት እንሰጣለን። አስተያየቱም የታወቀ ነው። “ፊልሙ አስተማሪ ነው” እንላለን፤ ይጨበጨብልናል፤ እንቀመጣለን። ዛሬ ሳስበው ያኔ ሁላችንም ሐያሲዎች ነበርን። ጽሑፋችን ግን አንድ ነበር።

ትርሲት የክፍል ጓደኛዬና ጎረቤቴ ነበረች። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው። እናቷ እትዬ በላይነሽ ጭኮ በመሥራት የታወቁ ነበሩ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ አሽተው ለትምህርት ቤት ይቋጥሩልን ነበር፤ ደብተሮቻችን ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸቱ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል የትርሲትን ታላቅ ወንድም ጌታሁንን “ፀረ አብዮት” ብለው ገደሉት። አስከሬን አልተሰጠም። ድንኳን እንዳይተከል፣ ለቅሶ እንዳይሰማ ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ በላይነሽ ጭኮ ማሸት ያዙ። የሚበላው ሳይኖር ያሻሉ። ጎረቤት ላጽናና መጣሁ ብሎ መግባት ስለማይችል ሰበብ ይፈልጋል። “ወንፊት አውሱኝ” ይላል። “ውሰዱ፣ ጭኮም ቅመሱ” ይሉታል። “እግዜር ያጽናዎት” ሳይላቸው ወንፊቱን ይዞ ይወጣል። ያ ወንፊት በዚያ ሳምንት ሰፈሩን በሙሉ ዞረ።

እሑድ መጣ። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃልና እትዬ በላይነሽም መጡ፤ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ትርሲትና እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ደምሴ ከጠረጴዛው ኋላ ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችንን የሰፉልን እሳቸው ናቸው።

በፊልሙ አንዲት እናት ስንዴ ታጭዳለች። ፈረሰኛ ደርሶ ልጇ ጦር ሜዳ መውደቁን ይነግራታል። ቀና ብላ ፀሐይዋን ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ማጭዷን ታነሣለች። “እንባ የማታባክን ጀግና እናት!” አለን ካድሬው።

ውይይቱ ተጀመረ። አስተማሪ ነው፤ ጭብጨባ። አስተማሪ ነው፤ ጭብጨባ። ከፊታችን የነበረው ልጅ “እኔም ከኔ በፊት የተናገረው ጓድ ያለውን እደግፋለሁ” ሲል ከኋላ አንዱ “አንተ መቼ ያንተን ብለህ ታውቃለህ!” አለውና ተሳቀ።

“ጓድ ትርሲት” አሉ ጋሽ ደምሴ።

ተነሣች። “ውሸት ነው” አለች።

“ምኑ?”

“እናትየዋ። ልጇ የሞተባት እናት እንዲህ አትሆንም።”

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ “ጓድ” የሚለውንም ተዉት። “ትርሲት፣ ልጄ፣ አስተማሪ ነው በይና ተቀመጪ።”

“አስተማሪ ነው” አለች፤ “ያስተማረን ግን ውሸት ነው።”

ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ከዚያ “ጌታሁኔ!” የሚለውን ሰማሁ። እትዬ በላይነሽ ነበሩ። አጠገባቸው ያሉት ሴት ተቀበሏቸው፤ ከዚያ ቀጣይዋ። ወንፊት የተዋሱት ሁሉ ባንድ ላይ አለቀሱ። ካድሬው ድምፁ እንዲሸፈን ብሎ “ፊልሙን ልቀቀው!” እያለ ጮኸ። ማሽኑ ከመሐል ጀመረ። ስንዴው መጣ፤ እናትየዋ ከሚያለቅሱት እናቶች በላይ እንደገና ፈገግ አለች።

ሁለት ጥበቃዎች መጥተው ትርሲትን በክንዷ ያዟት። ስታልፍ ጉልበቴን ነካችኝ። ቀጣዩ ተራ የኔ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ክረምቱን በሙሉ የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከረመች። እናቷ በዚያ ጭቃ ጭኮ ሲያመላልሱ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር። ለመስቀል ተፈታች። ጠጉሯ ተላጭቷል፤ ሌላ ምልክት አላየሁባትም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማገዶው ታወራኛለች። ሐሳቧን ስጠይቃት ግን አትነግረኝም። ወጥ ቀምሳ “ጨው በዛበት?” ስላት እንኳ “እኔ እንጃ” ትላለች። ይህ ቀሚስ ያምርብኛል ወይ? እኔ እንጃ። ቆይቶም ባሌ ክፍለ ሀገር ላለ ሰው ተዳረች፤ ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። የመለሰችልኝ ያንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ይህን ለአልማዝም ለሩትም ነግሬያቸው አላውቅም።

ትርሲት ልክ ነበረች ብዬ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት የዚያችን የባሕር አገር እናት ድንች የሚልጡ እጆች እያየሁ ግን የእትዬ በላይነሽ እጆች ትዝ አሉኝ። እሳቸውም እስከዚያ እሑድ ድረስ አላለቀሱም። ጭኮ ሲያሹ አንድ ሰው በካሜራ ቢያነሣቸው ሩት ሐቀኛ ነው ትል ነበር፤ ልክም ትሆን ነበር። እኛ ግን ያፈናቸውን እናውቅ ነበር። እሱን ያላወቀ ተመልካች እጃቸውን አይቶ እንዴት ያለች ብርቱ ሴት ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካድሬውም ያለው ይህንኑ ነው።

“እማማ?” አለች ሩት። “ካልፈለግሽ ስኪፕ አደርግሻለሁ፣ ችግር የለም።”

“የለም” አልኩ። “ተራዬ ነው።”

 የወንበሩን መደገፊያ አጥብቄ ያዝኩ።

“አለማልቀሷን አምኛለሁ” አልኳት። “እንዳታለቅስ የከለከላት ማነው? ፊልሙ አልነገረንም። አንቺም አልጠየቅሽም።”

ሩት ለመተርጎም ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከዚያ አወረደችው። አልማዝ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የካፖርቴን ቁልፎች ቆለፍኩ። ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ያዘልኝ፤ ወጣሁ።